አማካሪዬ «ፕሩቭድ»ን ሰርዞ «ሰጀስትስ» አለኝ፤ ልዩነቱ ምንድን ነው?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «የማስተርስ ጥናቴን እየጨረስኩ ነው። ጤፍ በመስመር የዘሩና በብተና የዘሩ መቶ ሃያ ገበሬዎችን ምርት በመጠይቅ የሚያወዳድር ነው። ምዕራፍ አራት ላይ አብዛኛው ዓረፍተ ነገሬ ‹ኢት ዎዝ ፋውንድ ዛት› (እንዲህ ሆኖ ተገኘ) ወይም ‹ዘ ሪዘልት ሪቪልድ ዛት› (ውጤቱ ገለጠ) ብሎ ይጀምራል። አማካሪዬ አንዱን ዝም ብሎ ያልፈዋል፣ ሌላውን ይሰርዘዋል። ‹ዘ ስተዲ ፕሩቭድ ዛት› (ጥናቱ አረጋገጠ) ያልኩት ላይ በቀይ ‹ሰጀስትስ› (ይጠቁማል) ብሎ ጻፈበት። ምዕራፍ አምስት ላይ ‹ኢት ካን ቢ ኮንክሉድድ ዛት› (መደምደም ይቻላል) ብዬ የጀመርኩትን ደግሞ ‹ይሄ ውጤት እንጂ መደምደሚያ አይደለም› አለኝ። ሰዋስው ላይ ስህተት የለበትም። ታዲያ ችግሩ የቱ ጋ ነው?»

እህቴ፣ ሰዋስውሽ ደህና ነው። አማካሪሽም ሰዋስው እያረመ አይደለም። የሚያርመው ከ«ዛት» በፊት ያለውን ቁራጭ ነው።

እነዚህ ዓረፍተ ነገሮች ሁሉ አንድ ቅርጽ አላቸው። መሐል ላይ «ዛት» የምትል ማያያዣ አለች። ከእሷ በኋላ የሚመጣው ነገርዬው ራሱ ነው፦ በመስመር የዘሩት ይበልጥ አመረቱ። ከእሷ በፊት ያለው ደግሞ ለነገርዬው የምትሰጪው ዋስትና ነው። ማነው ያገኘው? ታይቶ ነው ወይስ ከታየው ተነስቶ የተገመተ? ብትጠየቂ ምን ድረስ ትቆሚለታለሽ? የእንግሊዝኛ አንባቢ፣ በተለይ ፈታኝ ከሆነ፣ የዚህን ሁሉ መልስ የሚፈልገው «ዛት» ላይ ከመድረሱ በፊት ነው። ኬን ሃይላንድና ፖሊ ጼ የተባሉ የቋንቋ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት የአብስትራክቶችን (በጥናት መግቢያ ላይ የሚቀመጡ አጭር መግለጫዎችን) ቋንቋ ሲፈትሹ ይህንኑ ቅርጽ «ኢቫሉዌቲቭ ዛት» ብለውታል። መዛኟ «ዛት» እንደማለት ነው።

አማርኛችን ይህን ሥራ የሚሠራው በሌላው ጫፍ ነው። «በመስመር የዘሩ ገበሬዎች የተሻለ ምርት ማግኘታቸውን ጥናቱ አመለከተ» እንላለን። አንባቢው «አመለከተ» ይሁን «አረጋገጠ» የሚያውቀው ወሬውን ሰምቶ ከጨረሰ በኋላ ነው። እዚያ ሲደርስ ነገሩ ገብቶታል። ማሰሪያዋን ለቤት መምቻ እንደገባች ቃል ያልፋታል። ጸሐፊውም ይህን ስለሚያውቅ ብዙ አይጨነቅባትም። ዜና ስትሰሚ ልብ በይ፤ «አረጋገጠ» የማይገባበት ቦታ የለም። ኃላፊው ያረጋግጣሉ፣ ጥናቱ ያረጋግጣል፣ መረጃው ያረጋግጣል። ጆሯችን ለምዶታል። ወደ እንግሊዝኛ ስንሻገር ግን ያቺ የለመድናት ማሰሪያ ከጭራ ተነስታ ግንባር ላይ ትቀመጣለች። «ዘ ስተዲ ፕሩቭድ ዛት» ስትዪ አንባቢሽ ገና ምን እንደተረጋገጠ ሳያውቅ «ተረጋግጧል» የሚል ማኅተም አይቷል። የቀረውን የሚያነበው ማኅተሙን እየተጠራጠረ ነው። «ፕሩቭ» በእንግሊዝኛ የሒሳብ ሊቅና የፍርድ ቤት ቃል ነው። የመቶ ሃያ ገበሬ መጠይቅ አይሸከመውም።

የራስሽን ጥናት እንይ። ቁጥሩን ለምሳሌ እኔ ልፍጠረው፦ በመስመር የዘሩት በሄክታር 18 ኩንታል፣ በብተና የዘሩት 14 ኩንታል አገኙ እንበል። ከዚህ ተነስተሽ ሦስት ነገር ማለት ትችያለሽ።

አንደኛው፣ የጠየቅኳቸው በመስመር የዘሩ ገበሬዎች ከጠየቅኳቸው በብተና የዘሩ ገበሬዎች የበለጠ አመረቱ። ይህ ሰንጠረዡ ላይ ያለ ነገር ነው። «ሾው» (ያሳያል) ብትዪው ማንም አይከራከርሽም። እንዲያውም ምንም ዋስትና አያስፈልገውም። «በመስመር የዘሩት በሄክታር 18 ኩንታል፣ በብተና የዘሩት 14 ኩንታል አገኙ» ብለሽ የሰንጠረዡን ቁጥር ጠቅሰሽ ነጥብ አድርጊ። አማካሪሽ ሙሉ በሙሉ የሰረዛቸው «ኢት ዎዝ ፋውንድ ዛት»ዎች አብዛኞቹ እንዲህ ያሉት ላይ የተንጠለጠሉ ይመስለኛል። አላስፈላጊ ስለሆኑ ነው የሰረዛቸው።

ሁለተኛው፣ ልዩነቱን ያመጣው በመስመር መዝራቱ ነው። ይህ ሰንጠረዡ ላይ የለም። በመስመር የሚዘራ ገበሬ ማን እንደሆነ አስቢ። የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ደጋግሞ የሚጎበኘው ነው። ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ የመግዛት አቅም ያለው ሊሆን ይችላል። በመስመር መዝራት ጉልበት ይፈልጋል፤ ስለዚህ ቤቱ ውስጥ የሥራ እጅ ያለው ነው። አራቱ ኩንታል ከየትኛው እንደመጣ መጠይቁ ብቻውን አይነግርሽም። ስለዚህ «ሰጀስት»። አማካሪሽ ቀይ እስክሪብቶ ያነሳው እዚህ ጋ ነው፤ ልክም ነው።

ሦስተኛው፣ የወረዳው ገበሬ ሁሉ በመስመር ቢዘራ ምርቱ ይጨምራል። ይህ ከሁለተኛውም አልፎ ሄዷል። እዚህ «ሰጀስት» ብቻውን አይበቃም። «ሜይ» ወይም «ኩድ» (ሊሆን ይችላል የሚሉት) ከ«ዛት» በኋላ ይገባል፤ የጉልበቱም ጉዳይ አብሮ ይነሳል።

ያው አንድ ሰንጠረዥ ነው፤ ዋስትናው ግን ሦስት ዓይነት ሆነ። አንዱን አልፎ ሌላውን የሚሰርዘው በስሜት እንዳይመስልሽ።

ስለ «ሪቪል» አንድ ነገር ካላልኩ አይሆንልኝም። የተመራቂዎችን ጽሑፍ ሳርም የምውል ሰው ነኝ፣ የእኛ ተማሪ የሚወደው ግስ ይሄ ነው። «ሪቪል» ተሸፍኖ የነበረ ነገር ተገለጠ ማለት ነው። «ሪቪልድ» ተብሎ የተጠያቂዎቹ አማካይ ዕድሜ 38 መሆኑ ሲነገረኝ፣ ማን ደብቆት ነበር እላለሁ። ያልተጠበቀ ነገር ስታገኚ ተጠቀሚበት። «ኮንፈርም» ደግሞ ቀድሞ የተባለ ነገር ይፈልጋል። ከአንቺ በፊት ሌላ ሰው ያገኘውን አንቺም ካገኘሽው ያጸናዋል። ያለዚያ ምኑን ነው የምታጸኚው?

«ሰጀስት» ደካማ ያስመስለኛል ብለሽ እንዳትፈሪ። ብዙ ተማሪ ይህ ፍርሃት አለበት። ዲፌንስ ላይ እርግጠኛ ያልሆነ ሰው እንዳይመስል «ፕሩቭድ» እያለ ይገባና ፈታኙ የመጀመሪያውን ጥያቄ እሷ ላይ ያነሳበታል። ዋትሰንና ክሪክ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 25 ቀን 1953 ኔቸር መጽሔት ላይ የዲኤንኤን ቅርጽ ሲያሳውቁ ያንን አንድ ገጽ የምትዘል ጽሑፍ ሊዘጉ ሲቃረቡ ያሉትን ተመልከቺ። ዘር እንዴት እንደሚገለበጥ የሚጠቁም ነገር መያዛቸውን ያውቁ ነበር። የጻፉት ግን «ኢት ሃዝ ኖት ኢስኬፕድ አወር ኖቲስ ዛት» ብለው ነው፤ ሳናስተውለው አልቀረንም እንደማለት። ከ«ዛት» በኋላም የዲኤንኤ ቅንጣቶች በጥንድ በጥንድ መያያዛቸው አንድ ሊሆን የሚችል የመገልበጫ ዘዴ ወዲያውኑ «ሰጀስትስ» ይላል። «ፖሲብል» የምትል ቃልም ጨምረውበታል። ያ ግኝት በ1962 የኖቤል ሽልማት አስገኝቷል። ቅርጹን ራሱን ሲያቀርቡም «ዊ ዊሽ ቱ ሰጀስት» ብለው ነው የጀመሩት፤ የመገልበጡንም ነገር ገና ስላላዩት «ሰጀስትስ» አሉ። ድፍረትና ጥንቃቄ በአንድ ጽሑፍ ውስጥ አብረው ይኖራሉ።

በዚህ ጉዳይ ከሁሉም የሚበልጥብኝ ምሳሌ ግን የአየር ንብረቱ ነው። በአጭሩ አይፒሲሲ የሚባለው በይነ መንግሥታዊ ፓነል ሪፖርት ሲያወጣ ማጠቃለያውን የየመንግሥታቱ ተወካዮች መስመር በመስመር ተነጋግረው ነው የሚያጸድቁት። ስለዚህ ከ«ዛት» በፊት ያለችው ቃል ሌሊት ታስነጋለች። እ.ኤ.አ. በ1995 ማድሪድ ላይ የሰው ልጅ ተጽዕኖ ምን ዓይነት ይባል በሚለው አንድ ቅጽል ላይ ክርክር ሆነ። በመጨረሻ «ዲሰርኒብል»፣ ማለትም ልብ ብሎ ላየ የሚለይ፣ በሚለው ተስማሙ። ዋስትናው ደግሞ «ዘ ባላንስ ኦፍ ኤቪደንስ ሰጀስትስ» ነበር። ማስረጃው ሲመዘን ወደዚህ ያጋድላል አሉ እንጂ ከዚያ አላለፉም።

በ2001 ላለፉት ሃምሳ ዓመታት ሙቀት አብዛኛው በሙቀት አማቂ ጋዞች ሳቢያ መሆኑ «ላይክሊ» (ሳይሆን አይቀርም) ተባለ። ይህች ቃል ዝም ብላ የገባች አይደለችም። በፓነሉ መለኪያ ዕድሉ ከ66 በመቶ በላይ ሲሆን ነው የምትጻፈው። በ2007 «ቬሪ ላይክሊ» ሆነ፣ ከ90 በመቶ በላይ። በ2013 «ኢት ኢዝ ኤክስትሪምሊ ላይክሊ ዛት»፣ ከ95 በላይ። በ2021 «ኢት ኢዝ አንኢኩቮካል ዛት» ብለው የሰው ልጅ ከባቢ አየሩን፣ ውቅያኖሱንና ምድሩን ማሞቁን ጻፉ። አያጠራጥርም ማለት ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ከ«ዛት» በኋላ ያለው ነገር ብዙም አልተለወጠም። የጨመረው ማስረጃው ነው፤ እሱን ተከትሎ የፊተኛው ቁራጭ ደረጃ በደረጃ ጠነከረ።

አሁን ወደ አንቺ ጥያቄ የሚመልሰንን ልብ በይ። «አንኢኩቮካል» የምትለው ቃል በ2007ቱም ሪፖርት ውስጥ አለች። ግን የተጻፈችው ለሌላ ነገር ነው። ምድር እየሞቀች ነው ለሚለው «አያጠራጥርም» አሉ፤ የቴርሞሜትር ንባብ ስለሆነ። ያሞቃት ማነው ለሚለው ግን በዚያው ሪፖርት «ቬሪ ላይክሊ» ብለው ቆሙ። የመጀመሪያው ውጤት ነው። ሁለተኛው መደምደሚያ ነው። መንስዔውም «አያጠራጥርም» እስኪባል አሥራ አራት ዓመት ፈጀ። አራቱ ኩንታል ልዩነት የአንቺ ቴርሞሜትር ነው። በመስመር መዝራቱ ያመጣው ነው ማለት ደግሞ ሌላ ደረጃ ነው።

ምዕራፍ አምስት ላይ አማካሪሽ ያለሽም ይኸንኑ ነው። መፈተሻው ቀላል ነው። መግቢያ ሐረጉን ቁረጪና የቀረውን አንብቢ። የቀረው ሰንጠረዥ ላይ በጣትሽ ልታሳዪው የምትችይው ከሆነ ውጤት ነው፤ ቦታው ምዕራፍ አራት ነው። «ኢት ካን ቢ ኮንክሉድድ ዛት» ብለሽ 18 ኩንታል አገኙ ብትዪ ካባ አለበስሽው እንጂ መደምደሚያ አላደረግሽውም። በጣት የማይታይ፣ ሁለት ሦስት ሰንጠረዥ ጎን ለጎን አስቀምጠሽ አስበሽ የደረስሽበት ከሆነ መደምደሚያ ነው። ለምሳሌ የምርት ልዩነቱ የሚታየው የሥራ እጅ ባላቸው ቤቶች ብቻ ከሆነ፣ ምርቱን የሚገድበው ዘዴውን አለማወቅ ሳይሆን ጉልበት ማጣት ሊሆን ይችላል። ይህን የሚነግርሽ አንድ ሰንጠረዥ የለም። «ካን ቢ»ውም ቢሆን አይማርከኝም። መደምደም ይቻላል ይላል፤ ደምድመሻል ወይ ለሚለው መልስ የለውም። ሐረጉን የግድ ከወደድሽው አንዴ ተጠቀሚበትና ሌሎቹን በቀጥታ ጻፊ። አንቀጽ በተጀመረ ቁጥር «ሄንስ»፣ «ዜርፎር»፣ «ዛስ» መደርደሩም የ«በመሆኑም» ልማዳችን ነው። «ስለዚህ» የሚባለው ከፊቱ ምክንያት ሲኖር ነው።

ስለ «ኢት ዎዝ ፋውንድ ዛት» ደግሞ ከማሰልቸቷ የባሰ ችግር አላት። «ተገኘ» ትላለች፤ ማን እንዳገኘው አትናገርም። ምዕራፍ አራት ላይ ሌላ ወረዳ የተሠራ ጥናት ትጠቅሺና ቀጥለሽ «ኢት ዎዝ ፋውንድ ዛት» ትያለሽ። ያገኘሽው አንቺ ነሽ ወይስ እሱ? ፈታኙ ተመልሶ ማንበብ አለበት። «ዲስ ስተዲ ፋውንድ ዛት» ብትዪ ነገሩ ያልቃል። ዩኒቨርሲቲሽ ከፈቀደ «አይ ፋውንድ» ወይም ከሌላ ሰው ጋር ከሆነ «ዊ ፋውንድ» ማለትም ነውር አይደለም። ብዙ የእኛ ትምህርት ክፍሎች የሚከተሉት ኤፒኤ የሚባለው የአጻጻፍ መመሪያ ራሱ ይህን ይመክራል። «እኔ» ማለት ለሳይንስ ክልክል ነው የሚባለው ወግ ደግሞ ያን ያህል ጥንታዊ አይደለም። የለንደኑ የሳይንስ ማኅበር የሮያል ሶሳይቲ መጽሔት በ1665 ሲጀመር ጸሐፊዎቹ «እንዲህ አደረግኩ፣ እንዲህ አየሁ» እያሉ ነበር የሚጽፉት። የትምህርት ክፍልሽ መመሪያ ከከለከለ ግን ለዚህ ብለሽ አትጣዪ፤ «ዲስ ስተዲ» ይበቃሻል።

«ሰንጠረዡ ያሳያል» ማለትም ይቻላል። የኤፒኤ ስድስተኛ እትም እዚህ ጋ የሚያዝናና መስመር አስምሯል፦ ሰንጠረዥ ማሳየትና ማመልከት ይችላል፣ ማወዳደር ግን አይችልም። የምታወዳድሪው አንቺ ነሽ።

የግሱ ጊዜም የዚሁ ዋስትና አካል ነው። «ዘ ሪዘልትስ ሾውድ ዛት» ብለሽ ገበሬዎቹ ይህን ያህል አመረቱ ስትዪ ሁለቱም ያለፈ ጊዜ ይሁን። ያ ወቅት አልፏል፣ ያ ምርት ተበልቷል። «ዘ ሪዘልትስ ሰጀስት ዛት» ብለሽ በመስመር መዝራት ምርት ይጨምራል ስትዪ ግን ሁለቱም የአሁን ይሁን፤ ከእነዚያ ገበሬዎች አልፈሽ ስለ ዘዴው መናገርሽ ነው። ኤፒኤም ውጤትን ባለፈ፣ መደምደሚያን በአሁን ጊዜ ጻፉ ይላል። ጊዜውን ሳታስቢው ከቀየርሽ የመቶ ሃያ ሰው ወሬ የአገር ሕግ ሆኖ ቁጭ ይላል።

አንድ ወጥመድ ቀረ። ምናልባት አንዱ ሰንጠረዥሽ ላይ ልዩነቱ ስታቲስቲካዊ ትርጉም ሳይኖረው፣ ማለትም እንዲያው በአጋጣሚ የመጣ ሊሆን የሚችል ሆኖ ቀርቶ ይሆናል። ያኔ «ሾውድ ዛት» ብለሽ «ልዩነት የለም» እንዳትዪ። ልዩነት አላገኘሁም እና ልዩነት የለም ለየቅል ናቸው። በዚህ የሚሳሳቱት ጀማሪዎች ብቻ አይደሉም። በ2019 ኔቸር ላይ የወጣ አስተያየት በአምስት መጽሔቶች ላይ የታተሙ 791 ጽሑፎች ተፈትሸው ግማሽ ያህሉ «ትርጉም ያለው ልዩነት አልተገኘም»ን «ልዩነት የለም» ብለው መተርጎማቸውን ጽፏል። ከጽሑፍ ውጪም ዋጋ ያስከፍላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 14 ቀን 2020 በትዊተር የቻይና ባለሥልጣናት የመጀመሪያ ደረጃ ምርመራ አዲሱ ኮሮና ቫይረስ ከሰው ወደ ሰው ስለመተላለፉ ግልጽ ማስረጃ አላገኘም አለ። «ፕሪሊሚነሪ» አለ፤ «ኖ ክሊር ኤቪደንስ» አለ። ቃል በቃል ካነበብሽው የሚናገረው ስለ ማስረጃው ነው። ብዙ ሰው የሰማው ግን «አይተላለፍም» የሚለውን ነው። በስድስተኛው ቀን እንደሚተላለፍ ከዚያው ከቻይና ተነገረ።

አሁን ወደ ሥራ ግቢ። ዎርድ ላይ ኮንትሮልና ኤፍ ተጫኚና «ዛት»ን ፈልጊ፤ ምዕራፍ አራትና አምስትን ብቻ። በእያንዳንዷ ላይ ቆመሽ ከፊቷ ያለውን ቁረጪና የቀረውን አንብቢ። ሰንጠረዥ ላይ ያለ ከሆነ እንደተቆረጠ ተዪው። ሐሳብሽ ከሆነ ማስረጃሽ የሚሸከመውን ግስ መልሽለት፣ አንድ ብቻ። «ኢት ሜይ ፖሲብሊ ሰጀስት» የሚል ሦስት ጊዜ የሚሸሽ ዓረፍተ ነገር ከ«ፕሩቭድ» አይሻልም።

አብስትራክቱን ደግሞ አትርሺ። ብዙ ሰው ምዕራፎቹን አስተካክሎ እሱን እንዳለ ይተወዋል። ከዚያ ምዕራፍ አምስት «ሰጀስትስ» ሲል አብስትራክቱ አሁንም «ፕሩቭድ» ይላል፤ ፈታኙ መጀመሪያ የሚያነበው ደግሞ እሱን ነው።